ጭሱ የሚያሳብቀው ጠመንጃ

ሣር ውስጥ ተደብቃችሁ አንድ ጥይት ትተኩሳላችሁ። ወዲያው ከፊታችሁ ነጭ የጭስ ደመና ቡልቅ ይላል። በቃ፣ ያላችሁበት ታወቀ! እ.ኤ.አ. በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ፣ በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ (ዛሬ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ) የነበሩት አብዛኞቹ አፍሪካውያን ወታደሮች የታጠቁት እንዲህ ዓይነቱን ጠመንጃ ነበር፦ የ1871ዱን ማውዘር። ወታደሮቹ አስካሪ ይባሉ ነበር፤ ጣሊያን ኤርትራ ውስጥ ለመለመለቻቸው የተጠቀመችበት ያው ቃል ነው።

ማውዘሩ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። የአያቶቻችን ውጅግራ እኮ የዚሁ ትውልድ ነው። ስሙ የመጣው ፉዚ ግራ ከሚለው ፈረንሳይኛ ሲሆን፣ እሱም ባለ 11 ሚሊ ሜትርና አንድ ጎራሽ ነበር።

ታዲያ ጭሱ ከየት ይመጣል? የድሮው ባሩድ የፖታሲየም ናይትሬት፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ነው። ሲነድ ሁሉም ወደ ጋዝ አይለወጥም። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንደ ፖታሲየም ካርቦኔትና ፖታሲየም ሰልፌት ያለ ጠጣር ነገር ሆኖ ይቀራል። የማውዘሩ አንድ ጥይት 5 ግራም ያህል ባሩድ ይይዛል፤ እንግዲህ አስሉት፣ በእያንዳንዱ ተኩስ ከ2 ግራም ተኩል በላይ ብናኝ ማለት ነው። ከፊሉ ጭስ ሆኖ ይበተናል፣ ከፊሉ በርሜሉ ውስጥ ይለጠፋል። የተለጠፈው ደግሞ እርጥበት ይስባል፤ ቶሎ ካልታጠበ ብረቱን ዝገት ይበላዋል።

በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬል ከናይትሮሴሉሎስ ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። ይህኛው ሲነድ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ጋዝ ይሆናል። ጀርመንም በ1888 ለራሷ ጦር አዲስ ጠመንጃ አስታጠቀች። አሮጌዎቹስ? ለቅኝ ግዛት ይበቃሉ ተባለ።

ደግሞም በጦርና በቀስት በሚዋጋ ሕዝብ ላይ በቅተው ነበር። በ1905 የደቡብ ታንዛኒያ ሕዝቦች ጥጥ በግዳጅ መዝራት አንገሽግሿቸው ተነሡ። ማጂ፣ በስዋሂሊ ውኃ ማለት ነው፣ የተባለው መድኃኒት ጥይትን ወደ ውኃ ይለውጣል ብለው አመኑ። ጥይቱ ግን እርሳስ ሆኖ ቀረ። ከሁሉ የከፋው ረሃቡ ነበር፤ ጀርመኖቹ ማሳና ጎተራ አቃጠሉ። የሟቾቹ ግምት ከ75,000 እስከ 300,000 ይደርሳል። ቃታ ከሳቡት መካከል ብዙዎቹ አፍሪካውያን አስካሪዎች መሆናቸው እኔን ሁሌም ይከብደኛል።

በኅዳር 1914 ታንጋ ወደብ ላይ ሁኔታው ተለወጠ። 1,000 ያህል የጀርመን ወገን ተዋጊዎች 8,000 ያህሉን የብሪታንያ ሕንድ ጦር መለሱ (የተቆጡ ንቦችም ሁለቱንም ወገን ነድፈዋል)። ሽሽት ላይ የነበረው ጦር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘመናዊ ጠመንጃዎች ጥሎ ሄደ፤ አስካሪዎቹ አነሷቸው። በ1915 ደግሞ ሩበንስ የተባለች መርከብ የብሪታንያን የባሕር ከበባ አልፋ ወደ 1,800 አዳዲስ ጠመንጃዎች አመጣች። ከዚያ በኋላ ጭሳሙን ማውዘር ማን ይፈልገዋል?

እዚያ የተዋጋ የ1871 ማውዘር ዛሬ ብርቅ የሆነው ለዚህ ነው። በኅዳር 1918 የመጨረሻዎቹ 1,168 አስካሪዎች ከአዛዣቸው ከሌቶ ፎርቤክ ጋር አበርኮርን (የዛሬዋ ምባላ፣ ዛምቢያ) ላይ እጅ ሲሰጡ፣ ያስረከቧቸው 1,071 ጠመንጃዎች የእንግሊዝና የፖርቱጋል ነበሩ።