ትንሹ የሊኑክስ ላፕቶፕ፦ የርካሽ ማሽን ታሪክና የመምረጫው መስፈርት

ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙ የማይርቅ፣ ዋጋው ለተማሪ የማይከብድና ሊኑክስ ከፋብሪካ ተጭኖበት የሚወጣ ላፕቶፕ በሰፊው ገበያ ላይ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ነው፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ከዚያ በፊት ትንሹ ላፕቶፕ ውድ፣ ርካሹ ያረጀ፣ ሊኑክስ ያለበትም ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ታግሎ የጫነበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ የማሽን ዓይነት ገበያውን አጥለቅልቆ ደብዝዟል፤ በሌላ መልክም ተመልሷል። ዛሬ አስተዋይ ገዢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚያነሳቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚህ ውጣ ውረድ የተገኙ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ መስፈርት ጀርባ ገዢዎቹን ያስቸገረ አንድ የማሽን ትውልድ አለ።

በ1990ዎቹ ላፕቶፕን ማሳነስ ራሱን የቻለ ወጪ ነበር። ቶሺባ በ1996 በጃፓን ያወጣው ሊብሬቶ ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች፣ ስክሪኑም 6 ኢንች ገደማ ነበር። ይሁንና ትንንሽ ስክሪኖችና ኃይል ቆጣቢ ክፍሎች በብዛት ስለማይመረቱ የእንዲህ ያሉ ማሽኖች ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም።

የሊኑክስ ችግር ደግሞ ሌላ ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 የጀመረው ከርነል፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ በሰርቨሮች ላይ ቦታውን ቢያደላድልም፣ ላፕቶፕ ላይ ሲደርስ ይንገዳገድ ነበር። የጠረጴዛ ኮምፒውተር የማይስማማው ካርድ ቢኖር ይነቀልና ሌላ ይሰካለታል፤ ላፕቶፕ ግን አምራቹ በመረጠለት ቺፕ እንደታሰረ ይኖራል። ብዙዎቹ አምራቾች ድራይቨር የሚጽፉት ለዊንዶውስ ብቻ ሲሆን የቺፑን አሠራር የሚገልጸውን ሰነድም አያወጡም ነበር። ዊንሞደም የሚባለው የዚያ ዘመን ሞደም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወጪ ለመቀነስ ሲባል የሞደሙ ሥራ አብዛኛው ለዊንዶውስ ሶፍትዌር ስለተሰጠ፣ ያለ ዊንዶውስ ሞደሙ ብዙ ጊዜ የማይጠቅም ዕቃ ሆኖ ይቀር ነበር። የመጀመሪያው መስፈርት የተወለደው ያኔ ነው፦ ከላፕቶፑ ስም በፊት በውስጡ ያለውን የሞደም፣ የኔትወርክና የግራፊክስ ቺፕ ስም መጠየቅ። በ2000 ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ያዘጋጀው ክኖፒክስ ደግሞ ሳይጫን ከሲዲ የሚነሳ ሊኑክስን በሰፊው አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ገዢው ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ማሽኑ ከሊኑክስ ጋር መስማማት አለመስማማቱን እዚያው ሱቅ ውስጥ መሞከር ቻለ።

ርካሽ ላፕቶፕ የዓለም መነጋገሪያ የሆነው በኤምአይቲው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ አማካይነት ነው። ኔግሮፖንቴ በ2005 መጀመሪያ በዳቮስ ለታዳጊ አገር ልጆች የ100 ዶላር ላፕቶፕ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በቱኒስ በተካሄደ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ከዋና ጸሐፊው ከኮፊ አናን ጋር ሆኖ አረንጓዴውን ናሙና ለዓለም አሳየ። ናሙናው በእጅ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ቢጫ መዘውር ነበረው፤ መዘውሩ ግን ለምርት በተዘጋጀው ማሽን ላይ አልተካተተም። በ2007 መጨረሻ በታይዋኑ ኳንታ ኩባንያ በብዛት መመረት የጀመረው ኤክስኦ የተሰኘው ላፕቶፕ 433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራምና 1 ጊጋባይት ፍላሽ ማከማቻ ነበረው። ሜሪ ሉ ጄፕሰን የመራችው የስክሪን ንድፍ በጠራራ ፀሐይ እንዲነበብ አስችሎታል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከፌዶራ ሊኑክስ የተወሰደ ሲሆን ልጆች የሚያዩት ገጽታ ሹገር የሚባለው ነበር። ዋጋው ግን በ100 ዶላር አልቆመም፤ ወደ 200 ተጠጋ።

በሰሜን አሜሪካ በተካሄደ ዘመቻ 399 ዶላር የከፈለ ሰው አንድ ኤክስኦ ለራሱ ሲወስድ ሌላ አንድ ለታዳጊ አገር ልጅ ይላክ ነበር። ማሽኖቹ ከደረሷቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ የአማርኛ ፊደል ያለበት ኪቦርድም ተዘጋጅቶለታል። ኡራጓይ ደግሞ ሴይባል በተባለው ዕቅዷ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቿን ሁሉ አዳርሳለች። ኤክስኦ በሱቅ ያልተሸጠ ማሽን ቢሆንም፣ ሃርድ ዲስክን በፍላሽ፣ ዊንዶውስን በሊኑክስ፣ ፈጣኑን ፕሮሰሰር በቀርፋፋው የተካ ላፕቶፕ ለብዙ ሥራ እንደሚበቃ ለአምራቾች አሳየ።

ትምህርቱን ወደ ሱቅ ያመጣው የታይዋኑ አሱስ ነው። ኩባንያው በጁን 2007 በታይፔ የኮምፒውተር ትርኢት ላይ ያስተዋወቀው ኢ ፒሲ 701 በኦክቶበር ለገበያ ቀረበ። ክብደቱ 920 ግራም፣ ስክሪኑ 7 ኢንች ሲሆን በስክሪኑ ግራና ቀኝ ድምፅ ማጉያዎች ነበሩት። ኪቦርዱ ጠባብ ስለነበር ጣቱ ወፍራም የሆነ ሰው ይቸገርበታል። 900 ሜጋኸርዝ የተባለው ሴለሮን ፕሮሰሰር በፋብሪካ ወደ 630 ሜጋኸርዝ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚሠራው። ራሙ 512 ሜጋባይት፣ ማከማቻው 4 ጊጋባይት ነበር። መጀመሪያ 199 ዶላር ተብሎ ቢወራለትም ይህ ሞዴል በአሜሪካ የተሸጠው በ399 ዶላር ነው። ሲከፈት ኢንተርኔት፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ ጨዋታ በሚሉ ክፍሎች የተደረደሩ ትልልቅ ምስሎች ይመጣሉ፤ ከጀርባቸው ዛንድሮስ የተባለ ከዴብያን የተገኘ ሊኑክስ ነበር።

የማሽኑ ብልሃትም ድክመትም ማከማቻው ላይ ጎልቶ ይታያል። ከፋብሪካ የመጣው ሲስተም የማይነካ ክፍል ላይ ተቀምጦ፣ ተጠቃሚው የሚጨምረውና የሚለውጠው ሁሉ በሌላ ክፍል ላይ እንደ ድርብርብ ይነጠፍበታል። ሲስተሙ ቢበላሽ ማሽኑ ሲነሳ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መመለስ ይቻላል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መድን የለም። ነገር ግን አንድ ፕሮግራም በታደሰ ቁጥር አሮጌው ቅጂ ከታች ሳይጠፋ አዲሱ ከላይ ስለሚቀመጥ፣ ቀድሞውንም ጠባብ የነበረው ቦታ ቶሎ ይሞላል። ማከማቻው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነም አውጥቶ ትልቅ መተካት አይቻልም። ማከማቻው ይቀየራል ወይስ አይቀየርም የሚለው ጥያቄ በርካሽ ላፕቶፕ ገዢዎች ዘንድ የተለመደው ከዚህ ማሽን ጀምሮ ነው።

በ2008 ኢንቴል አቶም የተባለውን ፕሮሰሰር አወጣ። ኤን270 የተሰኘው ሞዴል በ1.6 ጊጋኸርዝ እየሠራ የኃይል ልኩ 2.5 ዋት ብቻ ስለነበር፣ ለኔትቡክ፣ ማለትም ለእነዚህ ትንንሽ ላፕቶፖች፣ ዋነኛ ሞተር ሆነ። ኤሰር አስፓየር ዋንን በሊንፐስ ሊኑክስ፣ ኤችፒ ሚኒ ኖትን በሱሴ፣ ዴል ደግሞ ሚኒ 9ን በኡቡንቱ ይዘው መጡ። ብዛቱ ግን ለሊኑክስ በረከት ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ አምራች የየራሱን ሊኑክስ በየራሱ ገጽታ ሸፍኖ ስለሸጠ፣ በአንዱ የተለማመደ ሰው በሌላው ላይ እንግዳ ይሆናል። አንዳንዶቹ የሚጨመርላቸው ፕሮግራም ጥቂት ነበር፤ ሞዴሉ ከገበያ ሲወጣ እድሳቱም አብሮ ይቋረጥ ነበር። የታይዋኑ ኤምኤስአይ ኃላፊ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት የሊኑክሶቹ ኔትቡኮች ተመላሽ ከዊንዶውሶቹ ቢያንስ አራት እጥፍ ነበር። ገዢዎቹ የለመዱትን ፕሮግራም ሲያጡ ዕቃውን ይመልሱ ነበር።

ማይክሮሶፍትም ዝም አላለም። በ2007 ያወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ለእነዚህ ማሽኖች ከባድ ሲሆን፣ የሚሸከሙት ኤክስፒ ደግሞ በጁን 30 ቀን 2008 ሽያጩ ሊቆም ቀን ተቆርጦለት ነበር። ኩባንያው በአፕሪል 2008 ኤክስፒ ሆም ለርካሽ ትንንሽ ላፕቶፖች ብቻ እስከ 2010 እንዲቀጥል ወሰነ። ፈቃዱ በስክሪን ስፋት፣ በማከማቻና በራም ላይ ገደብ ስለነበረው፣ የዚያ ዘመን ኔትቡኮች ከማን ፋብሪካ ቢወጡም ባለ 1 ጊጋባይት ራምና እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ሆኑ። ማይክሮሶፍት የኤንፒዲን የገበያ ጥናት ጠቅሶ እንዳስታወቀው፣ በ2008 የመጀመሪያ አጋማሽ ከ10 በመቶ በታች የነበረው የዊንዶውስ ድርሻ በአሜሪካ የኔትቡክ ገበያ በፌብሩዋሪ 2009 ወደ 96 በመቶ ደረሰ። በተመሳሳይ ወቅት ጂኤምኤ 500 የተባለ የግራፊክስ ቺፕ ያላቸው አንዳንድ ሞዴሎች ገበያ ገቡ። ቺፑ ኢንቴል ከሌላ ድርጅት ንድፍ የወሰደው ስለሆነ በቂ ክፍት ድራይቨር አልነበረውም፤ «ኢንቴል ነው» ብሎ ተማምኖ የገዛ የሊኑክስ ተጠቃሚ ቪዲዮ እንኳ በወጉ ማየት አቃተው።

በ2010 አይፓድ ሲመጣ ኔትቡክን ለንባብና ለኢንተርኔት የሚገዛው ሰው ወደ ታብሌት ዞረ፤ አሱስና ኤሰርም በ2012 መጨረሻ ገደማ ኔትቡክ ማምረቱን ተዉት። ሊኑክስ ግን ከዚያ ዘመን ትርፍ ይዞ ወጥቷል። ሁለት የኢንቴል ባለሙያዎች በሴፕቴምበር 2008 አንዱን ኢ ፒሲ በአምስት ሰከንድ አስነስተው በማሳየት፣ አላስፈላጊ መጠባበቅን ከሲስተሙ የማስወገድን ሥራ አነቃቁ። ለጠባብ ስክሪን ተብሎ የተነደፈው ዩኒቲ የተባለው ገጽታ በ2011 የኡቡንቱ ዋና ገጽታ ሆነ።

የኔትቡክን ቦታ የወረሰው በ2011 ለሽያጭ የቀረበው ክሮምቡክ ነው። ውስጡ ሊኑክስ ቢሆንም ላዩ ከብራውዘር የማያልፍ ነበር፤ ተራ የሊኑክስ ፕሮግራሞችን በይፋ መቀበል የጀመረው በ2018 ነው። ሳምሰንግ በ2012 በ249 ዶላር ያቀረበው ሞዴል ዋጋው እንደገና መውረዱን አሳየ፤ እድሳቱ የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ የተወሰነ መሆኑ ግን ለገዢው አዲስ ጥያቄ ጨመረ። በ2013 የወጣው አሱስ ቲ100ም ሌላ ወጥመድ ነበረው። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ሆኖ ማሽኑን የሚያስነሳው ፈርምዌር 32 ቢት ስለነበር፣ በተለመደው መንገድ የተዘጋጀ የሊኑክስ ፍላሽ ሲሰካበት ጨርሶ አያየውም።

ከአዲሶቹ ርካሽ ማሽኖች ጎን ያገለገለ ላፕቶፕ መንገድ ሁልጊዜ ነበር። የብዙ ሊኑክስ ተጠቃሚዎች ምርጫ የሆነው የሌኖቮ ቲንክፓድ ኤክስ መስመር ነው፦ የ2008ቱ ኤክስ200፣ የ2011ዱ ኤክስ220ና ተከታዮቻቸው። ትልልቅ ድርጅቶች በጅምላ ገዝተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ ጊዜ ስለሚለውጧቸው ገበያው አይደርቅባቸውም። ባትሪያቸው በመቀርቀሪያ ይነቀላል፤ ራሙና ዲስኩ ጥቂት ብሎን በመፍታት ይቀየራል፤ የጥገና መመሪያቸውም ለማንም ክፍት ነው። እንከንም አላቸው፦ ኤክስ220ና ኤክስ230 ሌኖቮ ካልፈቀደው የዋይፋይ ካርድ ጋር አይነሱም። በ2018 የመጣው ኤክስ280 ደግሞ ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ሆነ። ለሊኑክስ ተብለው የተሠሩ ትንንሽ ማሽኖችም አልጠፉም፤ ፓይን64 የተባለው ድርጅት በ2019 ያወጣው ፓይንቡክ ፕሮ ዋጋው 199 ዶላር ነበር።

በኢትዮጵያ የሊኑክስ የዋጋ ጥቅም ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ያለ ፈቃድ የተባዛ ዊንዶውስ በየጥገና ቤቱ በትንሽ ገንዘብ ስለሚጫን ነፃ መሆኑ ብቻ አያሸንፍም። የሚያስመርጠው ሌላ ነው፦ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ከሚዛመተው የዊንዶውስ ቫይረስ ማረፍና አዲሱ ዊንዶውስ ለከበደው ማሽን ዕድሜ መጨመር። የግዕዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ የአማርኛ ጽሑፍም መሠረት አግኝቷል። አቢሲኒካን የመሰለ የፊደል ቅርጽ ያልተጫነበት የጥንቱ ኔትቡክ በፊደሉ ምትክ ባዶ ሳጥን ይደረድር ነበር፤ የዛሬዎቹ ዋና ዋና ሊኑክሶች ግን ቅርጹንም ፊደሉን እንደ አነባበቡ መተየቢያውንም በቀላሉ ይጭናሉ።

ከዚህ ሁሉ የተጣሩት መስፈርቶች ጥቂት ናቸው። ፕሮሰሰሩም ፈርምዌሩም 64 ቢት ይሁኑ፤ በ2025 የወጣው ዴብያን 13 እንኳ ለ32 ቢት ማሽን መጫኛ ስለማያቀርብ ኤን270 ያለው ኔትቡክ ጊዜው አልፎበታል። የዋይፋይና የግራፊክስ ቺፑ ስም ይታወቅ። ማከማቻው የሚቀየር ቢሆን ይመረጣል፤ የተበየደ ከሆነ ቢያንስ 64 ጊጋባይት ይሁን። ራሙ ለዛሬ ብራውዘር 4 ጊጋባይት ዝቅተኛው፣ 8 ደግሞ የሚያዝናናው ነው። ክሮምቡክ ከሆነ እድሳቱ የሚያበቃበት ዓመት ይጠየቅ። ያገለገለ ከሆነ ባትሪው ይፈተሽ፤ ምትኩ ገበያ ላይ መኖሩም ይጣራ። ከሁሉም በፊት ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቶ ማስነሳት፣ ዋይፋዩን ማገናኘት፣ ድምፁን መስማት፣ ክዳኑን ዘግቶ ሲከፍቱት መንቃቱን ማየት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 2025 መደበኛ ድጋፉ ሲያበቃ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት የማያሟሉ ጤነኛ ላፕቶፖች በርካታ ስለሆኑ፣ ይህን ፈተና የሚያልፍ ትንሽ ማሽን በአቅም ልክ ማግኘት የሚከብድበት ጊዜ አይደለም።