የቆዳ ቺንጋና መጋጠሚያው

የቆዳ ቺንጋ ኃይልን ከአንድ ፑሊ ወደ ሌላው የሚያሻግር ጠፍጣፋ ማሰሪያ ነው። በድሮ ወርክሾፕ ቶርኖውም ሆነ ትራፓኖው የየራሱ ሞተር አልነበረውም፤ አንድ ሞተር ከጣሪያ ሥር የተዘረጋውን ረጅም ዘንግ ያዞራል፣ ከዘንጉም ቺንጋ ወደየማሽኑ ይወርዳል። በእንፋሎት ዘመን የባቡር ወርክሾፖች የተለመደ አሠራር ይኸው ነበር።

ዘንጉ በተሸካሚዎቹ ላይ ስለሚያርፍ፣ ዘንጉን ሳያወርዱ የተዘጋ ቺንጋ ማስገባት አይቻልም። ቺንጋው ተቆርጦ በፑሊዎቹ ላይ ይጠመጠምና እዚያው ይጋጠማል። ርዝመቱ ከተለካው በየሜትሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል፤ አዲስ ቆዳ ይለጠጣልና። ጫፎቹ በማዕዘን ቀጥ ተደርገው ይቆረጣሉ። በሁለቱም ጫፍ ትይዩ ቀዳዳዎች ይበሳሉ፣ ቀጭን ጠፍር ይሰፋባቸዋል። ዋናው ጥበብ እዚህ ላይ ነው፦ ፑሊውን በሚነካው በኩል ስፌቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መስቀለኛውና ቋጠሮው በውጭ በኩል ይቀራል። መስቀለኛው ወደ ውስጥ ከዞረ ጠፍሩ ቶሎ ይበላል፣ ማሽኑም በእያንዳንዱ ዙር ይንኳኳል።

ሌላው መንገድ ጫፎቹን እንደ ሽብልቅ አቅጥኖ፣ አደራርቦ በኮላ ማጣበቅ ነው፤ ሩጫው ለስላሳ፣ ሥራው ግን አድካሚ ነው።

የቆዳው ፀጉር የነበረበት ገጽ ወደ ፑሊው ይዞራል። እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለ ደረቅ ሙቀት ቆዳ ይሰነጠቃልና በሞራ ይታሻል። ቺንጋው ሲንሸራተት ሙጫ መቀባት ለጊዜው ያስይዛል፤ በኋላ ግን ቆዳውን ያደርቀዋል።