የማይነሳው የናፍታ ፒክአፕ በአሜሪካ፦ የአንድ ገበያ አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1973 የዓረብ አገሮች የጣሉት የነዳጅ ሽያጭ እገዳና በ1979 የፈነዳው የኢራን አብዮት በአሜሪካ ቤንዚንን ሲያስወድዱ፣ እስከዚያ ድረስ በአመዛኙ በከባድ መኪናና በትራክተር ተወስኖ የቆየው የናፍታ ሞተር ወደ ገበሬውና ወደ ግንበኛው ፒክአፕ ተሻገረ፤ ዛሬ በየእርሻው ጥግ ቆመው በርካሽ የሚሸጡትና ለማደስ የሚፈለጉት አሮጌ ፒክአፖች የዚያ ሽግግር ቅሪቶች ናቸው።

ጅማሬው አልሰመረም። ጀነራል ሞተርስ በ1978 ሞዴሎቹ ያቀረበው ባለ 5.7 ሊትር የኦልድስሞቢል ናፍታ ሞተር ንድፉን በብዙ መልኩ ከቤንዚን ሞተር የወረሰ ነበር። ናፍታ ያለ ካንዴላ፣ አየሩ በእጅጉ ታምቆ በሚፈጥረው ግለት ስለሚቀጣጠል፣ ቴስታታውን ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል ከብሎኩ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ይህን ኃይል መቋቋም አቅቷቸው ይለጠጡ፣ ጋስኬቱም ይበላሽ ነበር። ውሃን ከነዳጅ የሚለይ ማጣሪያ ስላልተገጠመለትም ፓምፑ ለዝገት ተጋለጠ። ጥፋቱ የአንድ ንድፍ ሆኖ ሳለ መጥፎው ስም በናፍታ ሁሉ ላይ መለጠፉ በእውነት የሚያስቆጭ ነው።

ቀጥለው የመጡት የተሻለ መሠረት ነበራቸው። ጀነራል ሞተርስ በ1982 ባለ 6.2 ሊትሩን፣ ፎርድ በ1983 ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የሠራለትን ባለ 6.9 ሊትር፣ ዶጅ ደግሞ በ1989 የከሚንስን ባለ 5.9 ሊትር ሞተር ገጠሙ። ይህ የመጨረሻው ግማሽ ቶን ያህል የሚመዝን፣ ለከባድ ሥራ የታሰበ ሞተር በመሆኑ፣ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው ሰሜናዊ ግዛቶች ሻንሲው በዝገት አልቆ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

እነዚህ ሞተሮች ለመሥራት ኮምፒውተር አያስፈልጋቸውም። ነዳጁን ለክቶ በትክክለኛው ቅጽበት ወደ ኖዝሉ የሚገፋው መካኒካዊ ፓምፕ ሲሆን፣ ከኤሌክትሪክ የሚሻው በዋናነት የነዳጁን በር ለሚከፍተው ሶሌኖይድ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ለሚሳብ ትንሽ መክፈቻ፣ የሚደርስ 12 ቮልት ነው። አንዲት ሽቦ ብትበጠስ ወይም ባረጀ የነዳጅ ቱቦ አየር ቢገባ ሞተሩ አይነሳም፤ ምክንያቱን ያላወቀ ባለቤትም መኪናውን በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ሊሸጠው ይችላል። በዚህ ገበያ የሚሸጠውና የሚገዛው፣ ከብረቱ ይልቅ፣ በሻጩና በገዢው መካከል ያለው የዕውቀት ልዩነት ነው ማለት ይቻላል።

የማይመለስ ሞትም አለ። በ6.9 ሊትሩ ማቀዝቀዣ ውሃ ውስጥ የሚፈጠሩ ጥቃቅን አረፋዎች፣ መከላከያ ኬሚካል ካልተጨመረ፣ እየፈነዱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሊበሱት ይችላሉ፤ በከሚንሱ ደግሞ በማርሽ ጥርሶቹ መያዣ ውስጥ ያለች ትንሽ ፒን በንዝረት ወጥታ በጥርሶቹ መካከል ከወደቀች የሞተሩን ፊት ልትሰባብር ትችላለች። ስለሆነም ልምድ ያለው ገዢ ባትሪ ከማገናኘቱ በፊት ዘይቱ ከውሃ ጋር መቀላቀል አለመቀላቀሉን ይመለከታል፣ ሞተሩንም በመፍቻ ቀስ ብሎ አዙሮ ይፈትሻል።

ፎርድ በ1994፣ ከሚንስ ደግሞ በ1998 የነዳጅ ቁጥጥሩን ለኤሌክትሮኒክስ ሲያስረክቡ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት በቀላል መሣሪያ የሚጠገኑ የመጨረሻዎቹ ሆነው ቀሩ፤ በዚህም የተነሳ መካኒካዊው ከሚንስ፣ ባይነሳ እንኳ፣ ዋጋው ሲወጣ፣ በርካሽ ለሚፈልገው ሰው በአብዛኛው የቀሩለት 6.2ና 6.9 ሊትሮቹ ናቸው።