የእንቁጣጣሽ ሥዕልና የመርካቶ ልጆች

ስለ ኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሡት የአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች፤ የብራና መጻሕፍትና የታላላቅ ሠዓልያን ስሞች ናቸው። እኛ ግን ትምህርት ቤታችን በአዲስ ከተማ በመርካቶ አጠገብ የሚገኝ ስለ ሆነ፤ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ስለ አንድ ታናሽ ሥዕል ልንጽፍ ወደድን። ይኸውም ልጆች በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በየደጃፉ ይዘውት የሚዞሩት የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። የዚህን ሥዕል ታሪክ ስንመረምር፤ ለብዙ ሕፃናት «እኔም መሣል እችላለሁ» የሚለውን እምነት አስቀድሞ የሰጣቸው የሰፈር መንገድና የጎረቤት ደጃፍ መሆኑን እንረዳለን።

አስቀድመን ስለ ሰፈሩ ጥቂት እንናገር። የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን፤ ወራሪዎቹ የከተማውን ሕዝብ በዘር ለይተው ለማስቀመጥ ባወጡት እቅድ ገበያው ወደ ምዕራብ ተዛወረ። «መርካቶ» የሚለውም ስም ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ገበያ ማለት ነው። ለመለያየት የታሰበው ቦታ ግን ከነጻነት በኋላ ከየማእዘኑ የመጣ ሰው የሚገናኝበት ሆነ። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤታሞች ሆነው መቆማቸው ለዚህ ምስክር ነው።

እንዲህ ያለ ሰፈር ለሥዕል የተመቸ ነው። ማንበብ የማይችለው ደንበኛ ብዙ በነበረበት ዘመን ነጋዴው ሥራውን የሚያስታውቀው በሥዕል ነበረ። ጠጉር አስተካካዩ በቆርቆሮ ላይ የተበጠረ ራስ፤ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪና፤ ሥጋ ሻጩ የሰባ በሬ ያሥል ነበር። ሠዓሊው የሚሠራው በደጅ ስለ ሆነ፤ ልጆች ከበው ቀለሙ ሲበጠበጥ፤ መስመሩ ሲሰመር ያያሉ። ከዚያም ቀደም ብሎ እንደ በላቸው ይመር ያሉ ሠዓልያን የንግሥተ ሳባን ታሪክና የዐድዋን ጦርነት በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለገዢ ያቀርቡ ነበር። እንግዲህ በከተማችን ሥዕል ከመቅደስ ወደ አደባባይ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ልጆችም በራሳቸው መጠን ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ወረቀትና ባለ ቀለም እርሳስ ይፈለጋል፤ ቀለም ያላገኘው በተራ እርሳስ ይሥላል። ታናሹ በታላቁ ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ እያየ ይማራል። የሚሣለውም አደይ አበባ፤ ፀሐይ፤ ክንፉን የዘረጋ መልአክ፤ ወይም ዘንዶ የሚወጋ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በዕለቱ ማለዳ ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዘፍኑ፤ ወንዶቹ ሥዕላቸውን ለዘመድና ለጎረቤት ያድላሉ። ተቀባዩም መርቆ በዘመኑ ዐሥር ሳንቲም ወይም ስሙኒ ይሰጥ ነበር።

ጥቅሙ ግን ከስሙኒው ይበልጣል። አንደኛ፤ ልጁ የሚሥለውን የመረጠው ራሱ ነው። ሁለተኛ፤ ሥራውን ደብተር ውስጥ ሳይደብቅ ለሰው ዓይን አቅርቦአል፤ ይህም ድፍረት ይጠይቃል። ሦስተኛ፤ ሥዕሉ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሲከርም፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር የእጁን ሥራ ያያል። በክፍል ውስጥ ከዐሥር ስድስት ያገኘ ሥዕል በጎረቤት ደጅ ሙሉ ምርቃት ያገኛል።

የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ሲሆን፤ መሥራቹ በአሜሪካ በሺካጎ ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። በዚያ ያስተማሩት ሠዓሊና ባለ ቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በሐረር ሲያድጉ፤ አባታቸው አለቃ ደስታ ራሳቸው ሠዓሊ ነበሩ። የነጋዴና የተሸካሚ ልጅ ግን ቀለም የሚበጠብጥ አባት በቤቱ አያገኝም። ለእርሱ መምህሩ የመንገድ ሠዓሊው፤ የሥዕል አዳራሹም የጎረቤት ደጃፍ ነበረ።

በሌላውም ዓለም ይህንኑ ያስተዋሉ ሰዎች ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ፍራንትስ ቺዜክ የተባለ መምህር በቪየና ከተማ፤ ልጆች የሌላውን ሥራ ከመገልበጥ ይልቅ ከልባቸው የሚሥሉበትን ክፍል ከፈተ። በ1949 ደግሞ በሕንድ አገር የካርቱን ሠዓሊው ሻንካር ፒላይ የልጆች የሥዕል ውድድር መሠረተ፤ ኋላም ልጆች በአንድ ሜዳ ተሰብስበው እዚያው የሚሥሉበት ውድድር ታከለበት።

ዛሬ በመርካቶ በእንቁጣጣሽ ሰሞን የሚሸጠው ሥዕል በብዛት በማሽን የታተመ ነው። ልጅ ዐሥሩን ገዝቶ ለዐሥር ቤት ያድላል፤ ገንዘቡን ያገኛል፤ እጁ ግን ምንም አልተማረም። የቆርቆሮውን ማስታወቂያም የታተመ ሸራ ስለ ተካው፤ በደጅ ቆሞ የሚታይ ሠዓሊ እየጠፋ ነው። ማተሚያውን ልንነቅፈው አይገባንም፤ መጽሔታችንም የእርሱ ሥራ ነውና። ነገር ግን የመጀመሪያው ድፍረት ከየት ይምጣ?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየዓመቱ በጳጉሜን ቀኖች የትምህርት ቤታችን ሜዳ ለሰፈሩ ልጆች ይከፈት። ወረቀቱና ቀለሙ ከዚሁ ከመርካቶ ይገኛል። ወንዶችም ሴቶችም በአንድነት ይሣሉ፤ የተሣለውም በአጥራችን ላይ ተሰቅሎ አላፊ አግዳሚው ይየው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን አንዳንድ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለልጆች ጨዋታ ሲለቀቁ አይተናል፤ መንገድ ለሥዕልም ሊለቀቅ ይችላል።

ውድ መምህራኖቻችን፤ በዚያ ቀን ቀይ እርሳሳችሁን በኪሳችሁ አቆዩልን። ውድ ወላጆቻችን፤ በመጪው እንቁጣጣሽ ልጅ ደጃችሁን ሲያንኳኳ ሥዕሉን «ማን ሣለው?» ብላችሁ ጠይቁት። «እኔ ነኝ» ካለ፤ መስመሩ ቢጣመምም ከታተመው አብልጣችሁ መርቁት፤ ሥዕሉንም ከግድግዳችሁ ላይ ለጥፉት።