ኪነ ድሪቶ

በእንግሊዝኛ «ኩዊልት» የሚባለው ከሦስት ንጣፎች ተደራርቦ የሚሰፋ ጨርቅ ሲሆን፣ ላይኛው ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ከልዩ ልዩ ዕራፊዎች ተቀጣጥሎ ይዘጋጃል፤ መካከሉ በባዘቶ ወይም በሌላ ሙሌት ይሞላል፤ ታችኛው ደግሞ ገበር ይሆናል። ሦስቱን የሚያያይዘው፣ ከላይ እስከ ታች ዘልቆ የሚያልፈው ስፌት ራሱ በገጹ ላይ ሁለተኛ ንድፍ ይሥላል። «አርት ኩዊልት» የሚለው ስያሜ የሚሰጠው በዚሁ ስልት ተሠርቶ፣ ነገር ግን አልጋ ለማልበስ ሳይሆን በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እንዲታይ ለታሰበና ሠሪው ራሱ ለነደፈው ሥራ ነው። እዚህ ላይ ለዕቃው «ጥበባዊ ድሪቶ»፣ ለጥበቡ ደግሞ «ኪነ ሕንፃ» በሚለው አምሳል «ኪነ ድሪቶ» የሚል አቻ ቀርቧል።

ምርጫው ተቃውሞ ሊያስነሳ ይችላል። ድሪቶ በአማርኛ የችግረኛ ልብስ ነው፤ ያለቀ ጨርቅ ባለቀ ጨርቅ ላይ እየተጣፈ የሚለበስ፣ ከቡትቶ ብዙም የማይርቅ ነው። ከዚህም አልፎ ከየቦታው ለቃቅሞ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው «ደረተ» ተብሎ ይታማል። ይሁን እንጂ ከሌሎቹ አማራጮች «ብርድ ልብስ» ጥቅሙን እንጂ አሠራሩን አይነግርም፤ «ጥልፍ» ደግሞ በአንድ ጨርቅ ላይ በክር የሚጌጥ ሌላ ሙያ ነው። ዕራፊን ከዕራፊ ገጥሞ አዲስ ሙሉ ነገር ማውጣትን የሚገልጸው «መደረት» ብቻ ሲሆን፣ የድህነት ሽታውም ቢሆን፣ የጥበቡ ታሪክ ሲታይ፣ እንከን ሆኖ የሚቆጠር አይደለም።

ለዚህ ዋነኛው ምስክር በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፣ የአላባማ ወንዝ ተጠማዝዞ በሦስት ወገን የከበበው ጂስ ቤንድ የተባለው መንደር ነው። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው በዚያ በነበረ የጥጥ እርሻ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ዘሮች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩበት «ፔትዌይ» የሚለው ስም የቀድሞው የእርሻው ባለቤት ስም ነው። ሴቶቹ ድሪቶ የሚሠሩት ነፋስ በሚያስገቡ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ልጆቻቸውን ከብርድ ለመከላከል ነበር፤ ግብዓታቸውም ጉልበቱ ላይ የሳሳ የሥራ ሱሪ፣ የዱቄት ጆንያና የልብስ ቅዳጅ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሏ በሞተ ጊዜ የሥራ ልብሶቹን ቀዳ የሠራችው ድሪቶ፣ ፀሐይ ያነጣቸውን ሰማያዊና ግራጫ ጨርቆች የኪሱ ምልክት እንኳ ሳይጠፋ ጎን ለጎን ያሰለፈ በመሆኑ፣ ዛሬ እንደ ረቂቅ ሥዕል ይታያል። እርሷ የሠራችው ግን ለመልበስና ለማስታወስ ነበር።

የጥበባዊ ድሪቶ ትርጓሜ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ዊትኒ የተባለው የኒው ዮርክ ሙዚየም በ1971 የአሜሪካ ድሪቶዎችን እንደ ሥዕል በግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያሳየ ቢሆንም፣ በ1979 በኦሃዮ ግዛት በአቴንስ ከተማ በአንድ የቀድሞ የወተት ላሞች በረት ውስጥ «ኩዊልት ናሽናል» የተባለው የዘመናዊ ድሪቶ ውድድራዊ ትርኢት በተጀመረ ጊዜ፣ መለያው የሠሪው ሐሳብ ሆኖ ነበር፤ ለመታየት የታሰበው ጥበብ፣ ለመልበስ የታሰበው የቤት ዕቃ ተባለ። በ2002 ግን የጂስ ቤንድ ሥራዎች በመጀመሪያ በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በዊትኒ ሲታዩ፣ ማንም ለትርኢት ብሎ ያልሠራቸው ጨርቆች ለትርኢት ከተሠሩት ብዙዎቹን በልጠው ተገኙ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት አሥር ያህሉን በቴምብር አትሟቸዋል። ስለዚህ ሐሳብን ብቻ መለያ ያደረገው ትርጓሜ የጥበቡን ምርጥ ክፍል ከደጅ የሚያስቀር፣ ለተቺዎች የሚመች እንጂ ለሠሪዎቹ የማይመች ትርጓሜ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው መብራራት ያለበት ቃል ሠሪዎቹ የሚሰባሰቡበት «ቢ» የተባለው ልማድ ሲሆን፣ ለዚህ አቻ መፈለግ አያደክምም፤ ደቦ ነው። በጂስ ቤንድ ላይኛውን ገጽ እያንዳንዷ ሴት ብቻዋን ትደርታለች፤ የቀለሙ አገጣጠም የእርሷ ብቻ ነው። ሦስቱን ንጣፍ በእንጨት ላይ ወጥሮ የመስፋቱ ሥራ ግን ጎረቤቶች እየተጠራሩ፣ ዛሬ በአንዷ ነገ በሌላዋ ቤት የሚከናወን ነበር። ንድፍ የሚዛመተውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ከመካከል ካሬ ተነሥቶ በዙሪያው ቅዳጅ እየተጨመረ የሚሰፋውን፣ «የቤት ጣሪያ» የሚባለውን ንድፍ ልጅ ከእናቷ፣ ምራት ከአማቷ ትወስደዋለች፤ እንዳለ ግን አትደግመውም፤ አንዱን ጎን ታሰፋለች፣ ቀዩን ከማይጠበቅበት ታስገባለች። ፀደይ ሲገባ በገመድ ላይ የሚናፈሰው ድሪቶም የመንደሩ ትርኢት ነበር።

ደቦው ለገበያ ሲሠራ መልኩ ተለውጧል። በ1966 በጥቁር አሜሪካውያን የሲቪል መብት ትግል መካከል በአካባቢው የተመሠረተው የሴቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር ስሙ ራሱ «የነፃነት የድሪቶ ደቦ» ማለት ሲሆን፣ ለመምረጥ በመመዝገባቸው ሥራቸውንና መሬታቸውን ላጡ ቤተሰቦች ገቢ አስገኝቷል። ከትልልቅ መደብሮች ያገኘው ትእዛዝ ግን መጠኑና ስፌቱ አንድ ዓይነት የሆነ ምርት ይጠይቅ ስለነበር፣ እንደ ልብ የመደረት ነፃነት በማኅበሩ ጠረጴዛ ላይ ቦታ አልነበረውም። የሚገርመው ግን፣ ለሲርስ ኩባንያ የትራስ ልብስ ሲሰፋ የተረፈው ኮርዶሮይ የተባለ ጨርቅ ቁራጭ ወደየቤቱ ሄዶ፣ በ1970ዎቹ ከመንደሩ ደማቅ ሥራዎች መካከል የሚቆጠሩት ከእርሱ ተሠርተዋል።

ከጂስ ቤንድ ንድፎች ጎን ለጎን፣ በምስል ታሪክ የሚተርክ ድሪቶ የራሱ የተለየ መስመር አለው። በባርነት የተወለደችው የጆርጂያዋ ሃሪየት ፓወርስ በ1880ዎቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ ምስል ሠርታለች፤ ሠዓሊቷ ፌዝ ሪንጎልድም በ1980 የመጀመሪያ ድሪቶዋን የሠራችው ከልብስ ሰፊ እናቷ ጋር ነው።

የቀረበው አቻ ወሰን እንዳለው አብሮ መጠቆም ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ በላቲን «የተሞላ ፍራሽ» ማለት በመሆኑ አጽንኦቱ በንጣፍና በሙሌት ላይ ሲሆን፣ የአማርኛው በቅጥያ ላይ ነው። በዚህም የተነሣ በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ በ1987 በዋሺንግተን የተነጠፈው፣ እያንዳንዱ ቁራጭ የመቃብር ልክ ያለው ታላቅ ጨርቅ፣ ብዙው ክፍሉ ሙሌት ባይኖረውም ያለ ጥርጥር ድሪቶ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በሲሲሊ ተሠርቶ የአፈ ታሪኩን ጀግና የትሪስታንን ታሪክ የሚያሳየው ጨርቅ ግን በሙሌትና በስፌት የተሠራ ኩዊልት ሆኖ ሳለ፣ ምስሉ በዕራፊ ሳይሆን በስፌቱና በሙሌቱ እብጠት የወጣ በመሆኑ ድሪቶ ሊባል አይችልም፤ ለእንዲህ ያለው «የሙሌት ስፌት» የሚል የተለየ ስም መያዝ ይሻላል።