አንጎልና ከፍተኛ የደም ግፊት

ከፍተኛ የደም ግፊት (በተለምዶ «ደም ብዛት») ደም በደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከመደበኛው በላይ ሆኖ የሚቆይበት የጤና ችግር ነው። በጤና ተቋም በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በሽታው አለበት ይባላል። «ደም ብዛት» የሚለው ስም ግን ያሳስታል፤ በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ችግሩ የደሙ መብዛት ሳይሆን የትንንሾቹ ደም ቅዳዎች መጥበብ ነው። ምን ያህል እንደሚጠቡ ከሚወስኑት አካላት አንዱ አንጎል ነው።

አሠራር

በአንገት ግራና ቀኝ ወደ ራስ በሚወጡት ደም ቅዳዎችና ከልብ በሚነሳው አኦርታ ቅስት ላይ መለጠጥን የሚለዩ የነርቭ ጫፎች አሉ። እነዚህ ባሮሪሴፕተር ይባላሉ። ግፊት ሲጨምር ግድግዳው ይለጠጥና ጫፎቹ የአንጎል ግንድ ታችኛ ክፍል ለሆነው ለሜዱላ መልእክት ይልካሉ። ሜዱላም በቬገስ ነርቭ በኩል የልብ ምትን ያዘገያል፤ የደም ስሮችን የሚያጠብቡትን ሲምፓቴቲክ ነርቮች ደግሞ ያበርዳል። ግፊት ሲቀንስ ተቃራኒው ይሆናል። ቁጭ ብሎ የቆየ ሰው ድንገት ብድግ ሲል ራሱን የማይስተው ይህ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚከናወን ነው።

ከሜዱላ በላይ ያለው ሃይፖታላመስ በንዴት፣ በፍርሃትና በሕመም ጊዜ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን በማዘጋጀትም ኩላሊት ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል። ሲምፓቴቲክ ነርቮች ኩላሊት ሬኒን እንዲያመነጭ ይቀሰቅሳሉ፤ በሬኒን ምክንያት የሚፈጠረው አንጂዮቴንሲን ደግሞ ተመልሶ አንጎልን ያነቃቃል። ስለዚህ የግፊት መነሻ ኩላሊት ነው ወይስ አንጎል የሚለው ክርክር ብዙም አያስኬድም፤ ሁለቱ እየተቀባበሉ ይሠራሉ።

መላመድ

ግፊት ለቀናት ከፍ ብሎ ከቆየ ባሮሪሴፕተሮች ይላመዱታል። የፍሪጅ መቆጣጠሪያ ቁጥር ሲዞር ፍሪጁ አዲሱን ቅዝቃዜ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ ሥርዓቱም ከፍ ያለውን ግፊት እንደ ትክክለኛ ቆጥሮ ይጠብቀዋል። ወደ አንጎል የሚገቡት የደም ስሮችም ከከፍተኛው ግፊት ጋር ይለማመዳሉ። በዚህ ምክንያት ለዓመታት ግፊት የነበረበትን ሰው በአንድ ጊዜ ወደ መደበኛው ማውረድ የአንጎሉን የደም አቅርቦት ሊያሳንስ ስለሚችል፣ ሐኪሞች አስቸኳይ ሁኔታ ካልገጠማቸው በስተቀር ቀስ በቀስ ያወርዱታል። «ምንም አይሰማኝም» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥም አደገኛ ነው፤ ግፊቱ ያለ ምልክት ይመለሳል፣ ስትሮክንም ሊያስከትል ይችላል።

በአንጎል ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች

በኢትዮጵያ ለነፍሰ ጡሮች ግፊት ሲታዘዝ የቆየው ሜቲልዶፓ በዋናነት የሚሠራው በአንጎል ግንድ ላይ ነው፤ ከዚያ የሚወጣውን የሲምፓቴቲክ ትእዛዝ ይቀንሳል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘውም ለዚሁ ነው። ክሎኒዲንም እንዲሁ ይሠራል፤ ድንገት ከቆመ ግን ግፊቱ ከበፊቱ በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። በብዛት የሚታዘዙት አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በዋናነት የሚሠሩት በደም ስርና በኩላሊት ላይ ነው።

በአዲስ አበባ

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ከ25 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን የአዲስ አበባ ነዋሪዎች የሸፈነ ጥናት ከ100 ወንዶች 31፣ ከ100 ሴቶች 29 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ግፊት በጤና ጣቢያዎች ይለካል። ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመውና ዛሬ ጠቅላላ ሕክምና የሚሰጠው አለርት ሆስፒታልም በዚሁ ክፍለ ከተማ ዘነበወርቅ አካባቢ ይገኛል።

የአንጎል ድርሻ በልኬት ጊዜም ይታያል። ዳገት ወጥቶ ወይም በታክሲ ሰልፍ ተጋፍቶ የደረሰ ሰው ሲምፓቴቲክ ነርቮቹ ገና አልበረዱም፤ አንዳንዱ ደግሞ ነጭ ጋውን ሲያይ ብቻ ግፊቱ ይጨምራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ኖርአድሬናሊን እንዲለቀቅ ስለሚያደርግ የቃመ ሰው ልኬትም ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ ከመለካት በፊት ለ5 ደቂቃ ጀርባን አስደግፎ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ከዚያ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎችም ቡና አለመጠጣትና ሲጋራ አለማጨስ ይመከራል።