ልጅ እንግዳ አይደለም

የአራስ ቤት ደንብ ብዙ ነው። ከፀሐይ የመጣ ሰው ሮጦ አይገባም፤ ላቡ እስኪደርቅ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ አለዚያ ምች ያስመታል። ከለቅሶ የተመለሰ በዚያው ልብሱ ዘው አይልም። ሽቶ የተቀባች ሴት ከደጅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ትመለሳለች። ዐይኑ የሚፈራ ሰው የመጣ እንደሆነ ሕፃኑ በነጠላ ይሸፈናል። አያቴ ይህን ሁሉ ይዛ ነው ከጎጃም ሲዳሞ የወረደችው፤ እናቴ በወለደች ቁጥር ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ገቢውን ታጣራ ነበር። ከዚያ ወንፊት የሚያመልጥ አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ ገንፎ ሽቶ የሚመጣው የጎረቤት ልጅ። ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ልጅን ማን «ከየት መጣህ?» ብሎ ያስቆመዋል?

ይህን ያስነሳብኝ በዚህ ክረምት ቤተሰባችን የገባበት ጭቅጭቅ ነው። የወንድሜ ልጅ እዚሁ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ሴት ልጅ ወለደች። የእህቴ የልጅ ልጅ ደግሞ፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ ሳምንት ያለፈው ሳል ይዞታል። ይሂድና ሕፃኗን ይያት ወይስ ይቅር? ጡረታ የወጣሁ ነርስ ስለሆንኩ ፍርዱን ለእኔ ጣሉብኝ። እኔን ያስገረመኝ ግን መልሱ ሳይሆን መጠየቁ ነው። በእኛ ቤት ስለ ልጅ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም ነበር።

ሐዋሳ ያረጀች ከተማ አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ገና ይርጋለም ነበረች። ሐይቁ አካባቢ መሬት ካገኙት መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩበት፤ አባቴም አንዱ ነው። በዚህ ምክንያት በእኛ ሰፈር የሲዳማው፣ የወላይታው፣ የጉራጌው፣ የጎጃሙ አራስ ቤት በቁልቋል አጥር ብቻ ተለያይቶ ጎን ለጎን ይገኝ ነበር። ማን እንደወለደች እኛ ልጆች ከአዋቂ ቀድመን በምግቡ ሽታ እናውቃለን። ከሲዳማዎቹ ጎረቤቶቻችን ቤት ቡሪሳሜ አለ፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ ጣት ላይ ይንሸራተታል፣ ወተትም ይከተለዋል። ከእኛ ቤት የገብስ ገንፎ ነው፤ መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፣ ልጆች ዙሪያውን ከብበን ከየበኩላችን እየቆረስን ወደ ቅቤው እንገፋለን። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ያስነጥሳል፣ አራሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሕፃኑን ታቅፋ ትስቃለች። ገንፎው ለማርያም የተገነፋ ስለሆነ ልጅ ካልበላው ምኑን ገንፎ ሆነ? ቡሪሳሜው ጋም ልጅ በሳል ተከልክሎ አላየሁም። በብዙ ነገር የሚለያዩት ቤቶች በዚህ አንድ ነበሩ።

እዚህ ላይ አያቴን ላለማማት ያህል አንድ ነገር ልበል። የአራስ ቤት የጊዜ ገደብ ማለፊያ ሥራ ነበር። ለወንድ 40 ቀን፣ ለሴት 80 ቀን፤ ከዚያ ክርስትና። ገደቡ በኦሪት ዘሌዋውያን አለ፤ ምክንያቱን የሚነግረን ደግሞ መጽሐፈ ኩፋሌ ነው፤ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ ይላል። በሥራዬ ዘመን በየቀኑ ከማየው የክትባት ካርድ ጋር ሳስተያየው ደጋግሞ ይገርመኝ ነበር። የትክትክን መከላከያ የያዘው የመጀመሪያው መርፌ በስድስተኛው ሳምንት፣ ማለትም በ42ኛው ቀን ነው። ሁለተኛው በ10ኛው፣ ሦስተኛው በ14ኛው ሳምንት። ወንዱ ክርስትና ተነሥቶ በሁለተኛው ቀን ይከተባል፤ ሴቷ ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሁለቱን ወስዳ ጨርሳለች። አጋጣሚ ነው፤ ከዚያ በላይ ትርጉም አልሰጠውም። ግን ሕፃን በጣም ገር የሆነባቸውን ሳምንታት ቤት ውስጥ የሚያቆይ ደንብ ነበረን፤ የጎደለው ሳይከለከል የሚገባውን ልጅ አለማየቱ ነው።

አባቶቻችን በሽታ ከልጅ ወደ ልጅ እንደሚሄድ አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። ፈንጣጣን ጠንቅቀው ያውቁታል። ከቀለል ያለ ፈንጣጣ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ልጅ ክንድ በጥተው ያስገቡ ነበር፤ ቀለል ያለው ከባዱን እንዲከላከል። ይህ በአገራችን ለዘመናት የኖረ ሙያ ነው። ጉዳቱ ደግሞ የተበጣው ልጅ የያዘው እውነተኛ ፈንጣጣ መሆኑና ላልተበጣው መትረፉ ነው። በ1963 ዓ.ም. ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ሲጀመር የዘመቻውን ሠራተኞች ካስቸገሯቸው ነገሮች አንዱ ይኸው መግል መከተብ ነበር፤ አንዱን መንደር አጽድተው ሲሄዱ በጥቶ ከታቢው ከኋላ ይዘራዋል። በዚያው በ1971 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። የመጨረሻው የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በኤል ከሬ በኩል ዲሞ በምትባል ቦታ ነው። የያዛትም ልጅ ነበረች።

ጎንደር ላይም ታሪኩ የልጆች ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጆቻቸው ታመው ቁስቋም ላይ ጨንቋቸዋል፤ የራስ ሚካኤል ስሑል ባለቤት ወይዘሮ አስቴር የልጆቿ ነገር ቀን ከሌት አስለቅሷታል። ብሩስ እንደጻፈው መጀመሪያ ያደረገው በርና መስኮቱን ማስከፈት ነው። ቀጥሎ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ። የአስቴር ልጆች ዳኑ። እኔ ይህን ሳነብ ዕጣኑን ትቼ መስኮቱን ነው የያዝኩት። የእኛ አራስ ቤት ዕጣንና ጢስ መቼም አላጣም፤ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከገባ ወዲህማ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን አገር ሁሉ ጥራጊውን እያቃጠለ ይታጠናል። ያጣነው የተከፈተ መስኮት ነው። አያቴ መስኮቱን በጨርቅ ወትፋ ስታበቃ ከሰል ታቀጣጥላለች፣ በዚያ ላይ ስድስት ልጅ ገንፎ ከቦ ይቀመጣል።

ታዲያ ፈንጣጣን እንዲያ የሚፈሩ ሰዎች ስለ ሳል ምን አሉ? ምንም። ሳል በሽታ አልነበረም፤ ልጅ ሁሉ ያስላል። ይልቅ በእኛ ሰፈር ከአራስ ቤት ተከልክሎ ያየሁት አንድ ልጅ ወባ የያዘው ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ናት፣ ወባው እንደ ልብ ነው፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ ትንፋሹ ለሕፃን መጥፎ ነው ተባለ። ወባን የምታጋባው ትንኝ ናት፣ ልጁ ሕፃኑን አቅፎት ቢያድር አያሲዘውም። እሱ ደጅ ቆሞ ሲያለቅስ ትክትክ የጀመረው ወንድሙ ውስጥ ሆኖ ገንፎ ይበላል።

ትክትክን በቅርብ ያየሁት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። በ1972 ዓ.ም. የክትባት ፕሮግራሙ ተጀመረ፤ እኛ ጸረ ስድስት እንለው ነበር፣ እናቶችም ያንን ስም ያዙት። ስድስቱ ኩፍኝ፣ ትክትክ፣ ዘጊ አነዳ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻና ሳንባ ነቀርሳ ናቸው። ትልቅ ልጅ ትክትክ ሲይዘው አይደበቅም፤ ሳሉ ተከታትሎ ይመጣና ፊቱ ይቀላል፣ መጨረሻ ላይ አየር ሲስብ ጉሮሮው ያፏጫል፣ ያስመልሰዋል። የሦስት ሳምንት ሕፃን ግን እንደዚያ አይስልም። አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ መጥታ «ጡት ሲጠባ ይረሳዋል» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ጡቱን ይዞ ቆይቶ ድንገት መጥባቱን ተወ፤ ደረቱ አልተንቀሳቀሰም፣ ከንፈሩ ዙሪያ ሰማያዊ ሆነ። እግሩን በጥፍሬ ስነካው ተነፈሰ። የሚረሳው መተንፈሱን ነበር። እናቱን ማን እንደሚያስል ስጠይቃት ቤት ውስጥ የታመመ የለም አለች፤ ቀሚሷን ይዞ የቆመው የሰባት ዓመቱ ልጇ በመሐል ሲያስል።

በዚያ ዘመን ሕዝቡ በብዛት የሚወልደው ቤቱ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወለደው 5 በመቶ ብቻ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደርሷል። በመካከሉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረዋል። ለውጡን ሰው የሚያወራው ስለ አዋላጅና ስለ ደም መፍሰስ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን የበሩን ዘበኛ አነሣለሁ። «ሕፃን ይዞ መግባት አይቻልም» የሚለው የሆስፒታል ዘበኛ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ልጅን ከእንግዳ የቆጠረ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሰው ሁሉ ይረግመዋል። አጥሚቱን በፔርሙስ ይዛ የመጣች አያት «ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋል፣ ልጅ አይደል?» ብላ ትለማመጠዋለች፣ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ችግሩ ደንቡ በር ላይ ማብቃቱ ነው። አራሷ በማግሥቱ ቤቷ ትገባለች፣ ልጁም ይከተላታል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና የገባ ጊዜ ቤቶቻችን ለጥቂት ወራት እንደ ሆስፒታል ሆኑ። አራስ በስልክ ተጠየቀች። ያ ዘመን አለፈ፣ ማስኩም ተጣለ፤ በወጣቶቹ እናቶች ላይ ግን «ጉንፋን አለብህ?» ብሎ የመጠየቅ ድፍረት ጥሎ ሄዷል። የወንድሜ ልጅም የጠየቀችው ለዚያ ይመስለኛል። በእናቷ ጊዜ ይህን ያለች ምራት «ዘመዴን ጠላች» ተብላ ትታማ ነበር።

ወደ ፍርዱ ልምጣ። የእህቴ ልጅ፣ የልጁ እናት፣ መከራከሪያዋ ጠንካራ ነበር። «እትዬ፣ ካርዱ ሙሉ ነው፣ ሦስቱንም ተከትቧል» አለችኝ፤ አምጥታም አሳየችኝ። እውነት ነው። ነገር ግን የትክትክ ክትባት ኃይሉ በዓመታት ውስጥ ይቀንሳል፤ የተከተበ ልጅ ቀለል ብሎ ሊይዘውና ሳያፏጭ ሊያስተላልፈው ይችላል። ደግሞም ትክትክ ከሁሉ ይልቅ የሚጋባው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ተራ ጉንፋን በሚመስልበት ጊዜ ነው። እንግሊዝ አገር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፍሰ ጡሮችን ለዚሁ ብለው ይከትባሉ፣ መከላከያው በእናቲቱ ደም ለሕፃኑ እንዲያልፍ። የእኛዋ አራስ ያንን አልወሰደችም። ሕፃኗ ደግሞ ገና 11 ቀኗ ነው፤ እስከ መጀመሪያው መርፌ ወር አላት።

ስለዚህ አይሄድም አልኩ። ሐኪም ይየው፤ ትክትክ ነው ከተባለና መድኃኒቱን ከጀመረ አምስት ቀን ሲሞላው አያጋባም፤ ተራ ጉንፋን ከሆነም ሳሉ ይልቀቀው። ኩፍኝ ቢሆን ኖሮ ሽፍታው ከወጣ አራት ቀን ማለፍ ነበረበት፤ ጉዱ ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊትም መጋባቱ ነው። አያትየዋ እህቴ በነገሩ መሐል «እኛስ እንዴት አደግን?» ብላ ገባች። አድገናል። እናቴ ከወለደቻቸው ውስጥ ሁለቱ አላደጉም፤ ምክንያታቸውን ያኔ ዐይን ነው አሉ፣ እኔም ዛሬ ይህ ነበር ብዬ አልምልም። ለእህቴ ግን ስማቸውን ጠራሁላት፣ ዝም አለች።

ልጁ ሐኪም ታየ፤ ጉንፋን ነው ተብሎ ሽሮፕ ይዞ ተመለሰ። እኔም ቃሌን አላጠፍኩም፤ ጉንፋንም ቢሆን ሳሉ ካልቆመ አይገባም። ገንፎው በሳህን ተልኮለታል፣ ቅቤውን ልሶ ገንፎውን ተወው አሉ። የሕፃኗ ሁለተኛ ክትባት 70ኛ ቀኗ ላይ ነው፣ ክርስትናዋ በ80ኛው፤ ከዚያ በፊት ጤና ሆኖ ከመጣ በሩ ክፍት ነው ብያለሁ። እናቱ እስካሁን ስልኬን አታነሣም።